የሞጣ ብልቃጦች

እናቴ ለሰው ስታወራ «ልጄ ሐኪም ናት» ትል ነበር። ሐኪም አልነበርኩም። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ነርስነት ተምሬ ቢቸና ጤና ጣቢያ የተመደብኩ የሞጣ ልጅ ነበርኩ። ነጭ ጋውንና ነጭ ቆብ ይሰጡን ነበር። ቆቡን ከሩቅ ያዩ ባልቴቶች መነኩሴ እየመሰልኳቸው «እማሆይ፣ እንደምን አደሩ» ብለው ከመንገድ ዘወር ይሉልኛል። ገና ለጋ ስለነበርኩ መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር፤ ኋላ ግን በገበያ ቀን በከብትና በሰው መሐል መንገድ እንደሚያስከፍትልኝ ሳይ ተውኩት።

ሥራዬ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋትና ነፍሰ ጡር መከታተል ነበር። ይህ የመጨረሻው የወረቀት ላይ ነገር ነው። ያኔ ነፍሰ ጡር ሴት ጤና ጣቢያ መምጣት ቀርቶ ማርገዟንም አፍ አውጥታ አትናገርም። ሆዷ ጋቢዋን ገፍቶ ቢታይ እንኳ «እህሉ ተስማምቶኝ ነው» ትላለች። የማያት ከወለደች በኋላ ነው፤ ያውም ትኩሳት ሲጥላት፣ ወይም ልጁ ያለ ወሩ መጥቶ እንደ ጫጩት በጥጥ ተጠቅልሎ ሲያቃስት። ያኔ ደግሞ የምሠራው ብዙ ነገር አይኖረኝም።

ጥምቀት እንዳለፈ ከአዲስ አበባ አንድ ዶክተር መጣልን። አሁን ሳስበው በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ያኔ ግን አንቱ ነበር የምለው። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ቀጭን፣ ሲያስብ የጆሮውን ጫፍ የሚጎትት ሰው ነው። ማይክሮስኮፑ እንዳይሰበርበት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ እስኪወጣ ድረስ በአውቶቡስ ታቅፎት መጥቷል። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት «ስንት ወሩ ነው?» ብላ ስትጠይቀው የማይክሮስኮፑን ዕድሜ መስሎት «አዲስ ነው» ብሎ እንደመለሰላት ራሱ ነው የነገረኝ። ሴትዮዋ ዘመዶቿ ዘንድ ስትወርድ «እናትየዋ በወሊድ ሞታበት ነው» እያለች እያዘነችለት ነበር አሉ።

የመጣበትን ጉዳይ በረንዳው ላይ አስቀምጦ አስረዳኝ።

«በነፍሰ ጡር ሴት ሽንት ውስጥ ሳያማት፣ ሳያተኩሳት ተደብቆ የሚኖር ኢንፌክሽን አለ» አለኝ። «ዝም ካሉት ወደ ኩላሊት ይወጣል። ልጁንም ያለ ወሩ ያስወልዳል የሚሉ አሉ፣ አያስወልድም የሚሉም አሉ። በእኛ አገር ግን ያየው ሰው የለም። እኔ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ምኑን ነው የሚያዩት?»

«ሽንታቸውን ነዋ።»

ሴት ለባሏ እንኳ ስሙን የማትጠራውን ነገር በዕቃ ይዛ ለባዕድ ወንድ እንድትሰጥ ነው የሚፈልገው። ጆሮውን እየጎተተ ሲያየኝ ግን አሳዘነኝ፤ ደግሞም እንደ ጫጩት የሚያቃስቱት ልጆች ትዝ አሉኝ። እሺ አልኩት።

የመጀመሪያው ችግራችን ቃል ነበር። ኢንፌክሽን ብሎ ማንም አይሰማን። ቁስል ስንላቸው «ቁስል የለብኝም» ይላሉ። ዶክተሩ አስቦ አስቦ «የውስጥ አካል መቆጣት» የሚል አወጣ። ለአንዲት የቢቸና ወይዘሮ «ሽንትዎ ተቆጥቶ እንደሆነ እናይልዎታለን» ብላቸው፣ ጥቂት አሰቡና «በማን ላይ ነው የሚቆጣው? እኔ ምን በደልኩት?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ባላቸው የተቆጡ ጊዜ ሁሉ ሰፈሩ «ያ ነርሷ የምትለው ነገር ይዟቸው ነው» ይል ጀመር።

ዶክተሩ ተስፋ ሳይቆርጥ ወደ ደብሩ አለቃ ሄዶ ከቅዳሴ በኋላ እንዲያስታውቁለት ለመናቸው። አለቃው ቅኔ አዋቂ ናቸው፤ ነገሩ እንደሚጠቅም ገብቷቸዋል። ይሁን እንጂ ያንን ቃል በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ቆመው ሊጠሩት አልወደዱም። ስለዚህ እንዲህ አሉ፦ «ነፍሰ ጡሮች ሁሉ፣ ማለዳ ስትነሡ ከየራሳችሁ የወጣውን ውኃ ጥቂት በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።»

በማግስቱ በሩ ላይ ሴቶች ተሰልፈው ሳይ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አንዷ ከራሷ ምንጭ የቀዳችውን ውኃ በቅል ይዛለች። አንዷ ጸበል ይዛለች። አንዷ ከራሷ ጋን የወጣ ጠላ አምጥታለች፤ እሱስ ግሩም ጠላ ነበር። ከሁሉ የባሰችው ግን ራሷን ታጥባ እጣቢውን በጣሳ ይዛ የመጣችው ናት። ዶክተሩ ጣሳውን ተቀብሎ ሲያሸት ቅቤ ቅቤ ሸተተው፤ ወደ እኔ ዞሮ ጣሳውን አቀበለኝ። ለአለቃው ሄጄ ብነግራቸው ዜሮ እንዳገኘ ተማሪ አዩኝና «የቅኔውን ኅብር የሚፈታ ጠፋ ማለት ነዋ» ብለው ለቢቸና አዘኑ።

መላው የመጣው ከቆሻሻ መጣያ ነው። ፔኒሲሊን ተወግቶ ካለቀ በኋላ የምንጥላት ትንሿ የጠርሙስ ብልቃጥ፣ ጎማ ክዳን ያላት፣ ለሴቶቹ ብርቅ ነበረች። ኩል ያስቀምጡባታል፣ ጸበል ይይዙባታል። ብልቃጦቹን ቀቅለን ማደል ጀመርን። ሞልታ ለመለሰች ደግሞ ሳሙና እንሰጣለን፤ ባዶዋም ታጥባ የእሷ ትሆናለች። እኔም ቃሉን በጆሯቸው እያንሾካሾክሁ፣ ያለ ቅኔ ነገርኳቸው። ቢቸና ቀስ በቀስ እሺ አለ። ዶክተሩ በረንዳው ላይ ማይክሮስኮፑን ወደ ፀሐይ አዙሮ ሲያይ ይውላል። ከሴቶቹ ጥቂቶቹ በሽታው ተገኘባቸው፤ መድኃኒት ሰጠናቸው። ሥራው ሥራ መሰለ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ዶክተሩ «ሌላ ከተማ ደግሞ ማየት አለብን፤ ሞጣ እንሂድ» አለኝ። መንገዱ በበጋ ብቻ ነበር የሚያስኬደው። በጤና ጣቢያው ላንድሮቨር አቧራ ለብሰን ሞጣ ስንገባ እናቴ ዶክተሩን ከላይ እስከ ታች አየችውና «ይኼ ልጅ ምግብ አይሰጡትም እንዴ?» አለችኝ።

እናቴ አባቴ ከሞተ በኋላ ሰፈሩን ጠቅልላ የያዘች ሴት ናት። ሠርግ ያለሷ አይደገስም፣ ጠብ ያለሷ አይበርድም። ከእሷ ጋር የሚኖሩት ወንድሜና ሚስቱ ናቸው። ወንድሜ ገበያ ዳር ልብስ ይሰፋል። ሚስቱ ሳቂታ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች፤ ያረገዘቻቸው ልጆች ያለ ወራቸው እየመጡ ቀርተውባታል። ይህ በቤታችን የማይነሣ ነገር ነው። ያን ጊዜ እንደገና ማርገዟን እንኳ አልነገሩኝም ነበር።

የመጣንበትን ለእናቴ በጆሮዋ ስነግራት ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። «ብልቃጡን አምጪው፤ ለሰፈሩ እኔ እበቃለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ማለዳ ማይክሮስኮፑን ወደዘረጋንበት የሞጣ ክሊኒክ ራሷ መጣች። ብልቃጦቹን በእንቅብ ደርድራ፣ በጥልፍ ጨርቅ ሸፍና፣ ልክ ለክርስትና እንደምትሄድ ሴት። እያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ የባለቤቷ ስም በወንድሜ የእጅ ጽሕፈት በፕላስተር ተለጥፏል። አንድም የጎደለ የለም። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት።

«እማማ፣ ቢቸና ላይ ይኼን ለማግኘት ስንት ወር ነው የፈጀብን» አላት።

«ቢቸና ያለችው ልጄ እንጂ እኔ አይደለሁማ» አለችው።

ዶክተሩ የመጀመሪያውን ብልቃጥ አየ። «መግል አለው» አለኝ። ሁለተኛውን አየ። «ይኼም አለው።» ሦስተኛውን ሲያይ ጆሮውን መጎተት ጀመረ። እስኪያልቅ ድረስ ቀና አላለም። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል፤ መጀመሪያ ያየሁበት ደስታ ወደ ድንጋጤ ዞሯል።

«ሁሉም» አለ። «አንዲት ጤነኛ የለችም። ሰፈሩን በሙሉ ያጠቃ ነገር ነው። ወንዙ ይሆን? የሚጠጡት ከየት ነው? ለአዲስ አበባ ቴሌግራም ማድረግ አለብኝ።»

እኔ ዓይኔ ብልቃጦቹ ላይ ነበር። አንደኛው ላይ የተጻፈው የማዶ ጎረቤታችን ስም ነው። እኒያ ሴት እኔ ስወለድ የልጅ ልጅ ታቅፈው ነበር።

«ቴሌግራሙን ከምሳ በኋላ ቢያደርጉትስ?» አልኩት።

«ለምን?»

«እናቴን የምጠይቃት ነገር አለኝ።»

ቤት ስደርስ እናቴ ምሳ ታቀርብ ጀመር። የምትሸሸው ነገር ሲኖር ታበላለች። መሶቡን ገፋ አድርጌ «እማዬ፣ ብልቃጦቹን ማን ነው የሞላቸው?» አልኳት።

«ባለቤቶቻቸው ናቸዋ።»

«የማዶዋ ባልቴትም ነፍሰ ጡር ናቸው?»

«እግዜር ያልከለከለውን አንቺ ልትከለክዪ ነው? ሣራስ በእርጅናዋ አልወለደችም?»

«ሣራ ሳሙና አልታደላትም።»

ልትስቅ ፈልጋ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ እንደ ተሸናፊ ሳይሆን እንደ ተበዳይ ሆና ተቀመጠች።

«ምን ላድርግ ታዲያ? ቤት ለቤት ዞርኩ። ብልቃጡን ያልወደደ የለም። የሚሞላበትን ስነግራቸው ግን አንዷ ሣቀችብኝ፣ አንዷ ባሌ ይገድለኛል አለች፣ አንዷ መተት ይሠሩብኛል አለች። ልጄ የሥራ አለቃዋን ይዛ አገሯ ድረስ መጥታ ባዶ እጇን ትመለስ? እኔ በቁሜ?»

«ከየት አመጣሽው ታዲያ?»

መልሷን ሳትሰጠኝ የወንድሜ ሚስት ከጓዳ ወጣች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ በአጠገባችን አለፈችና በጓሮ በር ወጣች። ተመልሳ ገባች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ወጣች። እናቴ በእሷ አቅጣጫ በአገጯ አመለከተችኝ።

«እሷ እንደሁ ከጓሮ አትጠፋ» አለችኝ። «ጎረቤቱ ሁሉ ይቀልድባታል። ያንቺ ለሰፈር ይበቃል አልኳት፤ እሺ አለች።»

 ልጅቷ ስትመለስ እጇን ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኳት። እጇ ይግላል።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የምትወጪው?»

«ቆየ እቴ። ለእኔ ግን ምኔም አይደለም። እንዲያውም ዛሬስ ለቁም ነገር ዋለልኝ።»

«ሲወጣ ያቃጥልሻል?»

አንገቷን ደፋች። እናቴ በእሷ ፈንታ «ምች ነው የመታት፤ ፀሐይ ላይ ሽሮ ስታሰጣ ውላ። ዳማከሴ አሽቻታለሁ» አለች።

«አርግዘሻል?» አልኳት።

ልጅቷ ወደ እናቴ ተመለከተች፣ እናቴ ወደ ጣሪያው። መልስ አላስፈለገኝም።

ዶክተሩን ቤት ይዤው መጣሁ። መንገድ ላይ እውነቱን ስነግረው ቆመ። ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ጆሮውን ጎተተና «አንዲት ሴት ናት ማለት ነው?» አለ። «ሞጣ አልታመመችም?» እፎይ ብሎ ሣቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሣቁን ተወና ፈጠን ፈጠን እያለ መራመድ ጀመረ። የዚያን ሁሉ ብልቃጥ መግል የያዘች አንዲት ልጅ ከሆነች፣ ጉዳዩ ለእሷ ቀልድ አይደለም።

ልጅቷን አልጋ ላይ አስቀምጦ ከጀርባዋ፣ ከጎድኗ ግርጌ፣ በእጁ ጎን መታ መታ አደረጋት። በግራ በኩል ሲነካት ትንፋሿ ቁርጥ ብሎ አልጋውን ጨበጠች። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች። እስከዚያ ድረስ አንቱ ስትለው ነበር።

«ደግሞ ትመታታለህ?» አለችው።

«አልመታኋትም እማማ። የሚያማትን ቦታ መፈለጌ ነው።»

«ጠይቃት፤ አፍ አላት።»

«ጠየቅኳት። ምንም አላመመኝም ነው የምትለው።»

 ዶክተሩ በሽታው ከፊኛ አልፎ የልጅቷን ኩላሊት እየነካ መሆኑን ለእናቴ ነገራት። ከዚህ በፊት የቀሩባትን ልጆችም የወሰደው ይኼ ሳይሆን እንደማይቀር፣ ግን እርግጠኛ መሆን እንደማይችል፣ ሊያጣራ የመጣውም ይኼንኑ እንደሆነ ሳይደባብቅ ነገራት። እናቴ በሕይወቷ «አላውቅም» የሚል ሐኪም አይታ አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያመነችው ለዚህ ይመስለኛል።

«ላየው እችላለሁ?» አለችው።

«ምኑን?»

«ያንን ነገር። የልጅ ልጆቼን የወሰደውን።»

ክሊኒኩ ወስደን ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጥናት። መጀመሪያ ያየችው የራሷን ሽፋሽፍት ነው፤ «ይኼ ሁሉ እግር አለው?» ብላ ፈገግ አሰኘችን። ዶክተሩ አስተካከለላት። ለረጅም ጊዜ አየች። ቀና ስትል ዓይኗ ርጥብ ነበር።

«እንዲህ ያለ ተልካሻ ነገር» አለች፣ እንደ ናቀችው ጠላት።

የወንድሜ ሚስት በዚያው ዕለት ኪኒን ጀመረች። ከብዙ ውኃ ጋር ትዋጠው ተብሎ ታዘዘ፤ እናቴ ትእዛዙን ከሚገባው በላይ ፈጸመችው። ልጅቷ ኋላ ላይ «በሽታው ሳይሆን ውኃው ሊገድለኝ ነበር» ትለኝ ነበር። ትኩሳቷ ለቀቃት፣ ጎኗ ተሻላት። ዶክተሩ ደግሞ ብልቃጦቹን ሁሉ ደፍቶ ሥራውን ከሀ ጀመረ። በዚህ ጊዜ እናቴ ቤት ለቤት የዞረችው በልመና አልነበረም። ያየችውን ለሰፈሩ ስትነግር ተልካሻው ነገር በየአጥሩ ሲያልፍ እያደገ ሄዶ መጨረሻ ላይ ቀንድ አውጥቷል። እኔ ላርመው አልሞከርኩም። ሴቶቹ እየመጡ፣ በገዛ እጃቸው፣ የገዛ ራሳቸውን ሰጡን። የማዶዋ ባልቴት ግን ሳሙናው እንዳይቀርባቸው ብለው ይሁን በእውነት ተጨንቀው፣ በየማለዳው ብልቃጥ ይዘው ይመጡ ነበር። ዶክተሩ ሳይታክት እያየ «ጤነኛ ነዎት» ይላቸዋል፤ እሳቸውም መርቀውት ይሄዳሉ።

ክረምቱ ሳይገባ ዶክተሩ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ጥናቱን የት እንዳደረሰው አላውቅም። መንገዱ በጭቃ ከመዘጋቱ በፊት የላከልን አንድ ካርቶን ሳሙና ነበር፤ ከላዩ «ለእማማ» ብሎ ጽፎበታል።

እኔም የዓመት ፈቃዴን አጠራቅሜ በነሐሴ ጭቃውን በበቅሎ አቋርጬ ሞጣ ሄድኩ። የወንድሜ ሚስት ወሯ ገብቷል። ይኼ በራሱ በዚያ ቤት አዲስ ነገር ስለነበር ማንም ጮክ ብሎ አያወራም፤ ወንድሜ የልብስ ስፌት መኪናውን እንኳ በቀስታ ነበር የሚረግጠው። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ማርያም ማረቻት። ሴት ልጅ ናት፤ ወፍራም፣ ፀጉራም፣ ገና ከመውጣቷ ቁጣዋን የጀመረች። እትብቷን በተቀቀለ ምላጭ ቆርጬ አሠርኩ። ዘወር ስል እናቴ በመዳፏ ለጋ ቅቤ ይዛ ከኋላዬ ቆማለች።

«እማዬ፣ እትብቱ ላይ ቅቤ አይቀባም።»

«አንቺ ተቀብቶልሽ ነው ያደግሽው።»

«ያልተቀባለት ይድናል፣ የተቀባለት አንዳንዱ ይታመማል። ያ ያየሽው ነገር በዚህ በኩልም ይገባል።»

መዳፏን አየች፣ ሕፃኗን አየች። አራሷ ከአልጋ ላይ ሆና፣ ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቷን «ይተዉት እማማ» አለቻት።

 እናቴ ጎንበስ ብላ ያንን ሁሉ ቅቤ የሕፃኗ መሐል ራስ ላይ በቀስታ አኖረችው።

«ራሷ ላይስ አይቀባም የሚል ትምህርት አለሽ?» አለችኝ።

የለኝም አልኳት።